ቆጣሪው ከተነቀለ በኋላ የበራ መብራት

የክር ፋብሪካው ሠራተኞች በሙሉ «እትዬ ቆይ» ነበር የሚሏት። እውነተኛ ስሟን የሚያውቀው የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ነበር ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም። ሃያ ስድስት ዓመት ሞተር ጠምጣሚ ሆና ሠርታለች፤ አንድ ሰው ካቻቢቴውን ይዞ ወደ ተከፈተ የኤሌክትሪክ ሳጥን ጠጋ ባለ ቁጥር ከወዲያ ጥግ «ቆይ!» የሚል ድምፅ ይመጣል። ሥራ አስኪያጁ እንኳ የቢሮውን ማራገቢያ ሊነካካ ሲል «ቆይ!» ተብሎ ያውቃል። ከዚያ በኋላ የሚደረገውን ሁሉም ያውቃል፤ እጅን ወደ ኋላ አጣምሮ እሷ እስክትመጣ መጠበቅ ነው።

ይህ ጠባይ አብሯት አልተወለደም። ፋብሪካው ሲቀጥራት ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። ጣቶቿ ቀጫጭን ስለሆኑ የተቃጠለ ሞተር ሆድ ውስጥ ገብተው ሽቦ ለመደርደር ይመቻሉ ተብላ ተቀጠረች እንጂ ስለ ኤሌክትሪክ የምታውቀው ነገር አልነበረም። ያስተማራት የጥገና ክፍሉ ኤሌክትሪሺያን ነው፤ ኋላ ባሏ ሆነ። ሲያስተምራት ተዋደዱ የሚሉ አሉ። እሷ ግን «ሲያስተምረኝማ ስንጨቃጨቅ ነበር የምንውለው» ትላለች።

ከሁሉ ይልቅ ያጨቃጨቃቸው ካፓሲተር የሚሉት፣ ከሞተር ጋር የሚጣመር ዕቃ ነበር። አንድ ቀን ያረጀ ካፓሲተር በመጋዝ ከፍቶ አሳያት። ውስጡ ሁለት ረጃጅም ስስ ብረቶች፣ በመሃላቸው ፕላስቲክ ገብቶ፣ እንደ ጣቃ ጨርቅ አንድ ላይ ተጠቅልለዋል። ሁለቱ ብረቶች የትም ቦታ አይነካኩም።

«ካልተነካኩ ኤሌክትሪኩ በየት ያልፋል?» አለችው።

«አያልፍም።»

«ታዲያ አምፖሉ እንዴት ይበራል?»

«ይበራል።»

«አሁንስ አበዛኸው!»

መጀመሪያ አንድ ደህና ካፓሲተርና አምፖል ከመኪና ባትሪ ጋር አገናኘላት። አምፖሉ ጭል እንኳ አላለም። ቀጥሎ ሌላ አምፖል ከሌላ ካፓሲተር ጋር አድርጎ ከግድግዳው ሶኬት ላይ ሰካው። አምፖሉ በራ።

«ባትሪ የሚገፋው ወደ አንድ ወገን ነው» አላት። «አንዱን ብረት ይሞላዋል፤ ከሞላ አበቃ። የግድግዳው ግን ይመላለሳል፤ በሰከንድ ሃምሳ ጊዜ ይሄዳል፣ ይመለሳል። ይሄኛው ሲሞላ ያኛው ይጎድላል፣ ያኛው ሲሞላ ይሄኛው ይጎድላል። መሃል ላይ ማንም አልተሻገረም። ግን ወዲህ ያለው በተመላለሰ ቁጥር ወዲያ ያለውንም ያመላልሰዋል። ለአምፖሉ ይሄ ይበቃዋል።»

ጠምጣሚዋ ጥቂት አሰበችና፣ «ግድግዳ ሳይነካ ከግድግዳው ማዶ ያለውን የሚያነቃንቅ ነገር... ይሄ የመንፈስ ሥራ ነው» አለች።

«ገና ምኑን አይተሽ! ተራ አምፖል ላይ የኤሌክትሪኩ ግፊትና ፍሰት አብረው ይመጣሉ። ሞተር ላይ ፍሰቱ ይጎተታል፣ ከግፊቱ ኋላ ነው የሚደርሰው። ካፓሲተር ላይ ደግሞ ፍሰቱ ቀድሞ ይመጣል። ሳይጠሩት የሚመጣ እንግዳ በይው። ለዚህ ነው ከሞተር ጋር የምናጣምረው። ሁለት ሰው ትልቅ ግንድ በመጋዝ ሲቆርጥ አይተሻል? አንዱ ሲስብ አንዱ ይለቃል። ሞተሩ ሲወስድ ካፓሲተሩ ይሰጣል፣ ሞተሩ ሲመልስ ካፓሲተሩ ይቀበላል።»

ተጋቡ፤ ሴት ልጅ ወለዱ። ልጅቷ ሰባት ዓመት ሲሆናት አባቷ ሞተ።

የሞተው የፋብሪካው ትልልቅ ካፓሲተሮች በተደረደሩበት ክፍል ውስጥ ነው። ቀኑ እሑድ ነበር፤ ፋብሪካው ቆሟል። ዋናውን ማብሪያ ራሱ አጥፍቶ፣ ራሱ ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከቷል። ከክፍሉ በር ላይ «ካጠፉ በኋላ አምስት ደቂቃ ይጠብቁ» የሚል ተጽፏል፤ እሱ ሩብ ሰዓት ነበር የጠበቀው። ካፓሲተር ሲያጠፉት ባዶ አይሆንም። ሲመላለስ የነበረው ኤሌክትሪክ በተቆረጠበት ቅጽበት በነበረበት ቦታ ቆሞ ይቀራል፤ የቀረውንም ቀስ እያደረገች የምታፈስ አንዲት ትንሽ ዕቃ ከጫፎቹ ላይ አለች። ያቺ ዕቃ ተቃጥላ ኖሯል። ከውጭ ሲያዩዋት ደህና ትመስላለች።

ሐዘኑ ሲበርድ እንኳ ያልበረደላት አንድ ነገር ነበር። ባሏን የገደለው የሄደ ኤሌክትሪክ ነው። የሌለ ነገር። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ነው «ቆይ!» ማለት የጀመረችው።

ዓመታት ሄዱ። ልጅቷ አድጋ አስተማሪ ሆነች። ፋብሪካው ሠርቶ ሠርቶ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ተዘጋ። ሠራተኛው ተሰናበተ፣ ቆጣሪው ተነቀለ፣ የቀረው አንድ ዘበኛ ብቻ ነው። ዘበኛው ከሚስቱ ጋር ከግቢው በር አጠገብ ባለች ሁለት ክፍል ቤት ይኖራል።

ከተዘጋ ሁለት ዓመት ከምናምን በኋላ ይኸው ዘበኛ ምሳ ሰዓት ላይ እትዬ ቆይ ቤት መጣ። ቆቡን ሳያወልቅ ተቀመጠ።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው፤ እንዳትስቂብኝ።»

«ሳልሰማ እንዴት እስቃለሁ?»

«የእናንተ ክፍል መብራት ይበራል።»

«የትኛው የእኛ ክፍል?»

«የጠምጣሚዎቹ ነዋ! ሦስቱም አምፖሎች። አሥር ሰዓት ሲል ይበራሉ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይተው ይጠፋሉ። ዛሬ አሥረኛ ቀኑ ነው።»

«ቆጣሪው ተነቅሏል እኮ።»

«እኔስ እሱን አይደል የምልሽ!» አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለሚስቴ ብነግራት ጠጥተህ ነው አለችኝ። መጠጥ ከተውኩ አምስት ዓመቴ። ነይና አንቺ እይልኝ፤ ከበራ ይብራ፣ እብድ ከሆንኩም ልወቀው።»

ነጠላዋን ደርባ ተከተለችው።

ግቢው ውስጥ ሣር ከወገብ በላይ ደርሷል። በፈትል አዳራሹ በኩል ሲያልፉ ማሽኖቹ ከነበሩበት ቦታ የዘይት ምልክት ብቻ ቀርቷል፤ በየመስኮቱ ጥግ የቆሸሸ ጥጥ እንደ ወፍ ጎጆ ተከማችቷል። የጠምጣሚዎቹ ክፍል ከመጨረሻው ነው። ረጅሙ የሥራ ጠረጴዛ አለ። ከጠረጴዛው በላይ ሦስት አምፖሎች በየገመዳቸው ተንጠልጥለዋል፤ አቧራ ስለለበሱ እንቁላል ይመስላሉ። ግድግዳው ላይ ባሏ በእርሳስ የጻፈው የሽቦ ዙር ሠንጠረዥ አሁንም አለ። ማንም ቀለም አልቀባውም።

የቆጣሪውን ቦታ አየች፤ አራት ቀዳዳ ብቻ። ከውጭ የሚመጣው ገመድ ከግንቡ ሥር ተቆርጦ ጫፉ በጥቁር ፕላስተር ተጠቅልሏል። ከቦርሳዋ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ የሚበራውን ቴስተር አውጥታ ገመዶቹ ከሚሰበሰቡበት ቦርድ ላይ አንድ በአንድ ነካች። ምንም የለም። ዘበኛውም ከበሩ ውጭ ቆመ፣ እሷም ከጠረጴዛው ጫፍ ተቀመጠች።

አሥር ሰዓት ሲል መጀመሪያ የመጣው ድምፅ ነው። ከቦርዱ ውስጥ፣ ንብ ቀፎ ውስጥ ስትሆን የምታሰማው ዓይነት፣ በጣም ወፍራም እምምታ። ከዚያ በሦስቱ አምፖሎች ሆድ ውስጥ ቀይ ክር ታየ። ክሩ ብርቱካናማ ሆነ፣ ቢጫ ሆነ። አምፖል ሲያበሩት ወዲያው ይበራል፤ ይሄ ግን ከሩቅ እንደሚመጣ ሰው ቀስ እያለ ነበር የሚደርሰው። አቧራው መሽተት ጀመረ። ብርሃኑ የወትሮው ልኩ ላይ ሲደርስ አልቆመም፤ አልፎ ነጣ፣ ከዚያ ትንሽ ወረደ፣ ደግሞ ወጣ፤ ይተነፍሳል። ከግድግዳው ላይ የባሏ ጽሑፍ ከነስህተቱ፣ ከነስርዙ ይነበባል።

«አየሽ? አየሽ አይደል?» አለ ዘበኛው ከውጭ፤ ድምፁ ከሩቅ መጣ፣ ምክንያቱም እየሸሸ ነበር።

እትዬ ቆይ ከተቀመጠችበት እጇን ዘረጋች። ቴስተሩን ቦርዱ ላይ አስጠጋችው፤ በራ። የዓይን ቅዠት አልነበረም፤ ሰው የሚገድል ኤሌክትሪክ ነው። እንደማንኛውም ቀን ቢሆን ተነስታ መስመሩን ትከተል ነበር። አልተነሳችም። ግማሽ ሰዓት ሲሞላ ብርሃኑ መድከም፣ እምምታውም መወፈር ጀመረ፤ ያን ጊዜ ባዶ ክፍል ውስጥ ሆና፣ በማታውቀው ለስላሳ ድምፅ፣ «ቆይ» አለች። «ቆይ እንጂ።»

ጠፋ።

ስትወጣ ለዘበኛው፣ «ለማንም እንዳታወራ፤ እኔ እያየሁት ነው» አለችው። «አላበድክም» ብላ ጨመረች። እሱ ግን ይሄ ብዙም ያጽናናው አልመሰለም።

በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብቻዋን መጣች። ንጹሕ ጨርቅ ይዛ ሦስቱንም አምፖሎች ወለወለች። ወንበር አቀረበች። መብራቱ ሲመጣ ከባሏ ጋር ማውራት ጀመረች። ልጃቸው ምክትል ርዕሰ መምህር እንደሆነች ነገረችው። የቀኝ ጉልበቷ ደረጃ ላይ እንደሚያስቸግራት፣ የጣራው ቆርቆሮ እንደሚያፈስ፣ አንድ ጊዜ ጥፋቱ የእሱ ሆኖ ሳለ እሷ ይቅርታ የጠየቀችበትን ጠብ አሁንም እንዳልረሳችው። መብራቱ ሲወርድና ሲወጣ የሚሰማት ይመስል ነበር።

ሞኝ አልነበረችም። የፋብሪካውን የድሮ እምምታ እናት የልጇን ለቅሶ እንደምትለየው ትለየዋለች፤ ይሄኛው ከዚያ ይወፍራል፣ ደግሞ አንድ ልክ ላይ አይቆምም። አንድ ቦታ የሚዞር ነገር አለ ማለት ነው። ከዚህ ክፍል ቦርድ የሚነሳው ደግሞ አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ወንዙ ዳር ወዳለው የፓምፕ ቤት የሚወርደው። ፓምፑ ከወንዙ ውሃ ስቦ ኮረብታው ላይ ወዳለው ገንዳ የሚገፋ ነበር። የፓምፑ ማብሪያ ደግሞ በእጅ ሲወርድ የሚያበራ፣ በእጅ ሲነሳ የሚያጠፋ የድሮ ማንሻ ነው፤ ኃይል ቢቋረጥም ራሱ አይነሳም። ፋብሪካው የተዘጋ ዕለት ኃይሉ የተቆረጠው ፓምፑ እየሠራ ሳለ ነው፤ «ወርደሽ ማንሻውን አንሺ» የተባለችውም እሷ ነበረች። ሰው ሁሉ እየተላቀሰ ሳለ ረሳችው።

ሌላም ታስታውሳለች። ፋብሪካው እየሠራ መብራት በተቋረጠ ቁጥር፣ ካፓሲተር የተጣመረለት ትልቁ ማራገቢያ በራሱ ጉልበት እየዞረ እስኪቆም ድረስ አጠገቡ ያለው አምፖል ለጥቂት ሰከንዶች ይበራ ነበር። ባሏ አስረድቷታል። የሞተሩ ብረት ከሥራ በኋላ ትንሽ ማግኔት ይቀርበታል። ሌላ ኃይል ካዞረው ያቺ የቀረችው ማግኔት ጥቂት ኤሌክትሪክ ታፈልቃለች፤ ካፓሲተሩ ተቀብሎ ይመልስላታል፤ ማግኔቱ ይጠነክራል፣ ኤሌክትሪኩ ይጨምራል፣ ካፓሲተሩ የበለጠ ይመልሳል። ከምንም ተነስቶ ሙሉ ይሆናል።

ስለዚህ ታውቅ ነበር። ወደ ፓምፕ ቤቱ ለመውረድ ሩብ ሰዓት ይበቃል። አልወረደችም። ከወረደች ታገኘዋለች፤ ካገኘችው ያበቃል። ሦስተኛም ቀን መጥታ ተቀመጠች። ያን ዕለት እራት ላይ ልጇ፣ «እማዬ፣ ሰሞኑን ምን አግኝተሽ ነው እንዲህ ፊትሽ የፈካው?» አለቻት። «ምንም» አለች። ውሸት አልመሰላትም።

በአራተኛው ቀን ለአሥር ሰዓት ሩብ ሲቀር ከግቢው በር ላይ የጭነት መኪና ቆሞ አገኘች።

ፋብሪካውን ለውዳቂ ብረት የገዛው ሰው ሠራተኞቹን ከቀጠሮው በፊት ልኳቸዋል። ስድስት ናቸው። ከጠምጣሚዎቹ ክፍል እስከ ወንዙ ድረስ የሚወርደውን የገመድ ቦይ ክዳን አንስተው ጨርሰዋል፤ ወፍራሙ የመዳብ ገመድ ተጋልጦ ይታያል። ጓደኞቹ «ጉልቤ» የሚሉት ትከሻ ሰፊ ሰውዬ፣ እጀታው ብረት የሆነ ትልቅ መቁረጫ ይዞ ገመዱ ላይ ጎንበስ ብሏል።

«ቆይ!»

ጉልቤ ዞር አለ። አለቃቸው፣ የአርባ ዓመት ገደማ ቀጭን ሰው፣ ወደ እሷ መጣ።

«ምን ሆኑ እናቴ?»

«ይሄ መስመር ኤሌክትሪክ አለው።»

ሰውዬው በትሕትና ፈገግ አለና ከኪሱ ወረቀት አወጣ። «የኤሌክትሪክ መሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ይኸው። ከተቆረጠ ሁለት ዓመት አልፎታል።» ደግሞም የራሱን ቴስተር ገመዱ ጫፍ ላይ አስነካ። አልበራም። «አዩት?»

«ደብዳቤው አልዋሸም፤ ያንተም ቴስተር አልዋሸም። አሥር ሰዓት ሲሆን ግን ይመጣል።»

«ከየት?»

«ከወንዙ።»

ሠራተኞቹ ተያዩ። አንዱ፣ «ስብሰባ አለበት እንዴ፣ ሰዓት አክብሮ የሚመጣው?» አለ፤ ሳቁ። እትዬ ቆይ ጉልበቷን ደግፋ ዝቅ አለችና ቦይው ውስጥ፣ መቁረጫው ከሚያርፍበት፣ ከገመዱ ራሱ ላይ ተቀመጠች።

«እማማ፣ ኧረ ይነሱ፤ ልብስዎ ይቆሽሻል» አለ ጉልቤ፤ ከልቡ ተጨንቆ።

«ባሌ ኤሌክትሪሺያን ነበር» አለችው። «አጥፍቶ፣ ቆልፎ፣ ሩብ ሰዓት ጠብቆ ነው የነካው። ገደለው። አንተም እስከ አሥር ሰዓት ብትጠብቅ ምን ትሆናለህ?»

ጉልቤ መቁረጫውን መሬት አስነካው። አለቃው ሰዓቱን አየ፣ ሰማዩን አየ። «እሺ። እስከ አሥር። ከዚያ በኋላ ግን እንደ እናታችን አክብረን፣ ተሸክመን ነው የምናነሳዎት።»

አሥር ሰዓት ሆነ። ቴስተሩን አስነኩ፤ ምንም።

አሥር ከአምስት። ምንም። እትዬ ቆይ ዓይኗን ወደ ክፍሉ መስኮት አነሳች። ሦስት ቀን ሙሉ ከማን ጋር ነበር ስታወራ የዋለችው? ዘበኛው ከበሩ ላይ ቆሞ ዓይኑን ከእሷ ወደ አምፖሎቹ፣ ከአምፖሎቹ ወደ እሷ ያመላልሳል።

አሥር ከሩብ ሲል አለቃው፣ «በቃ እናቴ» አለ። ሁለቱ በብብቷ ይዘው፣ እንደ ዕቃ ሳይሆን እንደ ሙሽራ ቀስ አድርገው አነሷት። ጉልቤ ጎንበስ ብሎ የመቁረጫውን ከንፈሮች ገመዱ ላይ ገጠመ። እጀታዎቹን ገና መጭመቅ ሲጀምር፣

«በራ! በራ! በራ!» ብሎ ዘበኛው ጮኸ።

ጉልቤ መቁረጫውን ወርውሮ ወደ ኋላ ዘለለ። ከክፍሉ መስኮት ቀይ ብርሃን ወጣ፤ ቢጫ ሆነ፣ ነጣ። አለቃው ቴስተሩን አስነካው፤ በራ። ገመዱ ላይ ያለው ፕላስቲክ የሁለት ጥፍር ያህል ተቆርጧል፤ መዳቡ አልተነካም።

እትዬ ቆይ ወደ ወንዙ ዞረች። «ተከተሉኝ።»

አንድ ሠራተኛ መብራቱን እንዲጠብቅ ትተው፣ ቦይውን ይዘው ወደ ወንዙ ወረዱ። የፓምፕ ቤቱ በር ተቆልፏል፤ ቁልፉ ዝጓል፤ ከቁልፉ እስከ መቃኑ የሸረሪት ድር ተወጥሯል። ከውስጥ ግን ማሽን እየሠራ ነው። ጉልቤ፣ «እኔ አልከፍትም» አለ። አለቃው በብረት ሰበረው።

ፓምፑ በኃይል ይዞራል። ሽፋኑ ላይ በቀይ ቀለም የተሳለው ቀስት ወደ ቀኝ ያመለክታል፤ ዘንጉ ግን ወደ ግራ ነው የሚዞረው። ማንሻው እንደወረደ ነው። ከግድግዳው ላይ ያለው የካፓሲተር ሳጥን ያንን የምታውቀውን እምምታ ያሰማል።

«ማነው የሚያዞረው?» አለ አለቃው በሹክሹክታ።

«ውሃ። ከኮረብታው ገንዳ በፓምፑ በኩል ተመልሶ እየወረደ ነው። ሞተሩ ውሃ መግፋት ትቶ ውሃ እየገፋው ነው። ግን ከላይ ያለው የውሃ መዝጊያ ቫልቭ ፋብሪካው ሲዘጋ አብሮ ተዘግቶ ነበር፤ የከፈተው አለ።»

ከፓምፕ ቤቱ ጀርባ፣ ከተሰበረው የወንዝ ቧንቧ የሚፈሰውን ውሃ ተከተሉ። ውሃው በትንሽ ቦይ ተመርቶ፣ ቁጥቋጦውን ዞሮ፣ አንድ ደህና ሆኖ የተቆፈረ መደብ ውስጥ ይገባል። መደቡ ላይ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ፣ መቆፈሪያ ይዛ የቆመችው የዘበኛው ሚስት ናት።

«ምን እየሠራሽ ነው?» አላት ባሏ።

«ዓይን የለህም? ሽንኩርት እያጠጣሁ ነዋ።»

«ውሃውን ከየት አመጣሽው?»

«ከገንዳው። ኮረብታው ላይ ያለው ምንጭ እየሞላው ዝም ብሎ ከሚፈስ፣ ማዞሪያውን ከፍቼ ለቀቅሁት። ዝናቡ ካቆመ ጀምሮ በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ነው የማጠጣው፤ ዛሬ ጎረቤት ወሬ ይዛኝ ዘገየሁ።» ከኋላው የቆሙትን ስድስት ዓይነት ፊት አየችና፣ «ምን አጠፋሁ?» አለች።

«ሁለት ሳምንት ሙሉ በመንፈስ ስንንቀጠቀጥ የከረምነው ባንቺ ሽንኩርት ነው?»

«እኔማ ጠጥተህ ነው ብዬህ አልነበር» አለች ሚስትየው፤ አሁን እንኳ ሙሉ በሙሉ አላመነችውም።

ሚስትየዋን ቫልቩን እንድትዘጋ ወደ ላይ ላኳትና ወደ ፓምፕ ቤቱ ተመለሱ። ዘንጉ ቀስ እያለ መጣ። እምምታው ወፈረ፣ ወረደ፣ ጆሮ ሊከተለው የማይችልበት ደረጃ ደረሰ። ከላይ የቀረው ሠራተኛ ጠፋ ብሎ ጮኸ። እትዬ ቆይ በደረቅ እንጨት ማንሻውን ወደ ላይ ገፋችው። ከዚያ የካፓሲተሩን ሳጥን ከፍታ፣ ሁሉንም ከበሩ ውጭ አስወጥታ፣ የቀረ ኤሌክትሪክ ካለ እንዲፈስ፣ ከእንጨቱ ጫፍ ባሰረችው ሽቦ ሦስቱን ጫፎች አገናኘች። ብልጭታ ጠብቃ ዓይኗን ጨፍና ነበር። ምንም አላለም። ሞተሩ ሲቆም ካፓሲተሩ ውስጥ የነበረውን ሁሉ በጥምጥሙ በኩል ጨርሶ አፍስሶታል። እንደገና አገናኘቻቸው፤ ምንም።

ሳጥኑ ፊት ቆማ አለቀሰች። ሠራተኞቹ ከድንጋጤው ነው ብለው ውሃ አመጡላት። ውሃውን ጠጥታ ለአለቃው፣ «ካወቅሁ ሦስት ቀኔ ነው» አለችው።

«ምኑን?»

«ከየት እንደሚመጣ። ያን ጊዜ ወርጄ ማንሻውን ባነሳው ኖሮ ያ ልጅ ዛሬ መቁረጫውን አይጥለውም ነበር። ዘበኛው ባይጮህ በእኔ ነበር የሚሞተው።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩንም?»

«ለራሴም አልነገርኩም።»

ሰውዬው የውሃውን ዕቃ ከእጇ ተቀበላት።

ነቅለው ለመጨረስ አሥራ አንድ ቀን ፈጀባቸው። በእነዚያ ቀኖች ጉልቤ እትዬ ቆይ ሳትመጣ አንድ ገመድ አልቆርጥም አለ፤ ስለዚህ ጧት ጧት እየመጣች መስመሩን እየነካች «ይቆረጥ» ትል ጀመር። ከሁለት ወር በኋላ አለቃው ቤቷ መጣ። ሌላ የተዘጋ ፋብሪካ ሊነቅሉ ነው፤ አብራቸው ትሄድ ዘንድ ለመናት። ልጇ «በዚህ ጉልበትሽ!» ብላ ተቆጣች። እትዬ ቆይ ግን ሻንጣዋን አዘጋጅታ ጨርሳ ነበር።

ስድስት ዓመት አብራቸው ዞረች። ብዙ የሞቱ ፋብሪካዎች አየች፤ አብዛኞቹ እውነትም የሞቱ ነበሩ። አንድ የቆዳ ፋብሪካ ውስጥ ግን ከረጅም ቦይ ውስጥ አንድ ገመድ አገኙ፤ ወዲህም ወዲያም ጫፉ ተቆርጧል፣ ከምንም ጋር አልተያያዘም። ጉልቤ ቴስተሩን ቢያስነካው ፈዘዝ ብሎ በራ። ከጫፉ እስከ ጫፉ ሄደው አዩት፤ የሚነካው ነገር የለም። ሠራተኞቹ መሣሪያቸውን አስቀመጡ።

እትዬ ቆይ ቦይው ጥግ ተቀምጣ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከጎኑ፣ አንድ ክንድ ሳይርቅ፣ መንገዱን ሁሉ አብሮት የሚሄድ ሌላ ገመድ አለ፤ የጎረቤት ወፍጮ ነው፤ ሥራ ላይ ነው።

«ሁለት ብረት ጎን ለጎን፣ በመሃላቸው ፕላስቲክ» አለች። «ሁለቱ ገመዶች ራሳቸው ካፓሲተር ሆነዋል። ያኛው ሲመላለስ ይሄኛውን ያነቃንቀዋል።»

«ሳይነካው?»

«ሳይነካው።»

ከመሬት ጋር የተያያዘ ሽቦ አምጥታ ከሞተው ገመድ ጫፍ ጋር በጥብቅ አሰረች። ቴስተሩ ጠፋ። ጉልቤ አሁንም አልተጠጋም። በመጀመሪያ እሷ በእጇ ጀርባ ነካችው፤ እጇን ጥቂት እዚያው አቆየችና አነሳች። ከዚያ ጉልቤ መጥቶ ቆረጠው፤ ገመዱ እየተጠቀለለ መኪናው ላይ ተጫነ።